የባቢሌ እግር

«‹በአንድ ወቅት› ብለሽ ከጀመርሽ ፍርዱን ለሰሚው ተይለት፤ ተራኪው ከፈረደማ ሰሚው ምን ሊሠራ መጣ?» ይለኝ ነበር የአክስቴ ባል፣ ገና ልጅ ሳለሁ። ያኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። በዚህ ታሪክ ግን ከሦስቱ ባለጉዳዮች አንዷ እኔው ስለሆንኩ፣ ልፍረድ ብልስ ማን ያምነኛል? እንዳየሁት እነግራችኋለሁ፤ የራሴንም ጥፋት አልደብቅም። ከዚያ እናንተው ተሟገቱበት።

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ ውስጥ፣ አራት ተከራይ በአንድ የሲሚንቶ ግቢ በሚኖርበት ቤት፣ ባቢሌ የምትባል ሽኮኮ ነበረች። ሽኮኮ ስላችሁ ያቺን የገደል ላይዋን፣ ጭራ የሌላትን እንዳታስቡ፤ በኤረር መንገድ ዳር መሬት ቆፍራ የምትኖረው፣ ጭራዋ ከቁመቷ የሚበልጠው ናት። ጋሽ ጥላዬ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ መኪና ገጭቷት አስፋልት ዳር ወድቃ አገኟት። ከወገቧ በታች በድን ነበረች። የባቢሌ ለውዝ አኝከው በጣታቸው ጫፍ ቢሰጧት ላሰችው፤ ስሟም ከዚያ ወጣ። ሆዷን በእርጥብ ጨርቅ እየደባበሱ ሽንቷን ያሸኗታል፣ በኪሳቸው ይዘዋት ይወጣሉ፣ ሲያንቀላፉ ደረታቸው ላይ ታንቀላፋለች። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ የሰማናቸው ከእሷ ጋር ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ጋሽ ጥላዬ የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ለአሥር ቀን ሐረር ሄዱ። ሲሄዱ ሣጥኗን ግቢው መሐል አስቀመጡና «አደራ፣ የሁላችሁም ናት» አሉን።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ አዴ ዘይቱና ናቸው። ሦስቱም ልጆቻቸው ጅቡቲ ነው ያሉት፤ እጃቸው ግን ልጅ ሳያቅፍ መዋል አይችልም። እኔ ኪሩን ስወልድ እናቴ ሩቅ ነበረችና አርባ ቀን ሙሉ ያረሱኝ እርሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ኪሩን ዘይት ቀብተው ፀሐይ ያሞቁታል። ጋሽ ጥላዬ በሄዱ ማግስት «የእሷስ አጥንት ፀሐይ አይፈልግም እንዴ?» አሉና ባቢሌንም ዘይት ቀቧት። ኪሩን ብርድ ልብስ ላይ፣ እሷን ግን ዘይቱ ጨርቅ እንዳያበላሽ የብረት ትሪ ላይ አስተኟት። ባቢሌ ዓይኗን ጨፍና ዝም አለች። «አያችሁ፣ እንዴት እንደተመቻት!» ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ግራ እግሯ ውኃ ቋጠረ። በአምስተኛው ፈነዳ። የማይሰማትን እግር ሻካራው ሲሚንቶ ላይ እየጎተተች ቆዳውን ላጠችው። አዴ ዘይቱና ክፉኛ ደነገጡ። «ፀሐይ ያደርቀዋል» ብለው ቆይታዋን አስረዘሙት።

ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ በግቢው «የኪሩ እናት» የምባለው። ልብስ የማጥብበት ሳፋ ከትሪው ፊት ለፊት ነው። እያጠብኩ አያለሁ። ቁስሉ ያለው በግራ በኩል ብቻ ነው። ባቢሌ ትሪው ላይ የምትጋደመውም በግራ ጎኗ ነው። ሰኞ ዕለት አዴ ዘይቱና ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ መዳፌን ትሪው ላይ አሳረፍኩ፤ ወዲያው አነሳሁት። ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ባቋርጥም፣ ይህን ለማወቅ ዘጠነኛ መግባት አያስፈልግም። ኪሩ ከሞቀው ያለቅሳል። የባቢሌ እግር ግን ለባቢሌ ምንም አይነግራትም።

አወቅሁ፤ ግን አልተናገርኩም። አርባ ቀን በአልጋዬ ዙሪያ የዞሩልኝን ሴት «እጅዎ እያቃጠላት ነው» ብዬ እንዴት ልበል? ነገ ራሳቸው ያዩታል አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። ሳያዩኝ ትሪውን ወደ ጥላው ሳብ አደርጋለሁ፤ እርሳቸው ደግሞ «ማነው የሚያነሳው?» እያሉ ይመልሱታል። እንዲህ ስንሳሳብ አራት ቀን አለፈ።

ሦስተኛው ይርጋ ነው። ከግቢያችን በር ላይ ጎማ ይለጥፋል፤ ቀኑን ሙሉ የአየር መሙያው ሲጮህ እሱም ከአየር መሙያው በላይ ይጮኻል። ብቻውን ነው የሚኖረው። ምሳውን ሲበላ ባቢሌ ጭኑ ላይ ካልወጣች እህል አይወርድለትም። ጥፋቱን ደግሞ አሁን ትሰሙታላችሁ።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ጥላዬ አንድ ዓይናቸው እንደታሸገ ተመለሱ። ከማየታቸው በፊት አፍንጫቸው ነገራቸው።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

ቁስሉ ዳር ዳሩ አረንጓዴ፣ መሐሉ ነጭ ሆኗል። ዝንብ ወርሮታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባቢሌ ዞር ብላ የገዛ እግሯን እንደ ሌላ ሰው ንብረት ታኝከዋለች። ጋሽ ጥላዬ ቁጭ አሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤታቸውን ለቅቀው ልጃቸው ዘንድ ሐዋሳ ሊሄዱ ነው፤ ልጃቸው ደግሞ «አባዬ፣ አከራይዋ እንስሳ አታስገባም» ብላለች።

«ስሙኝ» አሉ። «ስሄድ ቁስሉ ከደረቀ፣ ለአንዳችሁ እተዋታለሁ። ካልደረቀ ግን እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስጄ በመርፌ አሳርፋታለሁ። እንዲህ እየበሰበሰች ትቻት አልሄድም።»

«ጋሼ፣ ሦስት ሳምንት ምን ያደርጋል?» አለ ይርጋ፣ ፊቱን አዙሮ። «ጎኑ የተተረተረ ጎማ አይለጠፍም። ዛሬውኑ በመርፌው ትረፍ። ካስቸገረ ሐኪሙ ዘንድ እኔ እወስዳታለሁ።»

«አፍህን በማስቲሽ ይለጥፍልህ!» አሉ አዴ ዘይቱና። «ጎማና ነፍስ አንድ ነው? ሂድ ወዲያ፣ ፀሐይ ላይ ላድርጋት!» ብለው ትሪውን በጠርዙ ብድግ አደረጉ።

ያኔ አፌ ተከፈተ።

«አዴ፣ ትሪው ነው።»

አዩኝ። ትሪውን አዩ። ትሪው ጠዋት ካስቀመጡበት አንስቶ ፀሐይ ላይ ነው የዋለው። መሬት ላይ መለሱትና የክንዳቸውን ውስጥ፣ ለስላሳውን በኩል፣ ለጥ አድርገው ጫኑበት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ አላነሱም።

«ዋይ! በእጄ! በገዛ እጄ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መቼ አየሽ?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው እኮ!» አለ ይርጋ።

አዴ ዘይቱና ወዲያው ተነሱ። ትሪውን ከአጥሩ ማዶ ወረወሩት። ውኃ አፈሉ፣ ጨው ጨመሩ፣ አቀዘቀዙ። ነጭ ነጠላቸውን ቀደው ቀቀሉት። ባቢሌን ጉልበታቸው ላይ ገልብጠው የጨው ውኃውን ጠብ፣ ጠብ እያደረጉ አጠቡ፤ የሞተውን ቆዳ በጥፍር መቁረጫ እየለቀሙ አነሱ፤ ንጹሕ ማር ቀብተው ጠመጠሙ። በቀን ሦስቴ፣ ሃያ አንድ ቀን። የእህታቸው ልጅ ሲዳር እንኳ ሙሽራዋን ስመው፣ ሳይቀመጡ፣ የሠርግ ልብሳቸውን እንደለበሱ በባጃጅ በረው መጡ። «ሰዓቷ አለፈ! ውኃው የታለ?» እያሉ ነው በሩን የገቡት።

በአራተኛው ቀን ባቢሌ ፋሻውን በጥርሷ ተረተረችው። እንደገና ጠመጠሙ፤ እንደገና ተረተረች። ማሩም ደሙም ተቀላቀለ። አዴ ዘይቱና ሊያለቅሱ ደረሱ። እኔ ኪሩን እያጠባሁ ቁጭ ብዬ አየኋት። የምትነክሰው ስትጠቀለል፣ እግሯ ፊቷ ሲመጣ ብቻ ነው። ኪሩን አውርጄ ተነሳሁ። እንስራ ሲሸከሙ ራስ ላይ እንደሚደረገው አድርጌ ጨርቅ ጠቀለልኩ፤ አንገቷ ላይ አጠለቅኩላት። ዞረች፣ እግሯ ላይ አልደረሰችም። በሌላ በኩል ዞረች፣ አልደረሰችም! ተናዳ ጨርቁ ላይ አገጯን አስደግፋ ተቀመጠች።

«ከንቲባ ሆነች!» ብሎ ይርጋ ሳቀ። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሰዓቱ ጎኗን የማገላብጠው እኔ ነበርኩ፤ ፋሻውም ሳይነካ ይውል ጀመር።

ግን ባቢሌ መቀመጥ አታውቅም። ሰው ባየች ቁጥር ትከተላለች፤ ስትከተል እግሯ ይጎተታል፤ ጠዋት የተያያዘው ሥጋ ማታ ይከፈታል። በአሥረኛው ቀን ቁስሉ ከነበረበት አልተነቃነቀም። ይርጋ አየና ሄደ። ሁለት ቀን ድምፁ ጠፋ፤ አየር መሙያው ብቻ ይጮኻል። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ከኋላው ደብቆ መጣ። ከብስክሌት ከመነዳሪ፣ አየር ከሚሞላው የውስጥ ጎማ፣ የተቆረጠ ከረጢት ነው፤ ውስጡ የሱፍ ካልሲው የተሰፋበት፣ ትከሻዋ ላይ የሚታሰር ማንገቻ ያለው። ሁለቱን እግሯን አስገብቶ አሰረላት።

በማግስቱ አዴ ዘይቱና ከረጢቱን ፊቱ ላይ ወረወሩት። «እግሯ በላብ ርሶ ሸተተ! በጎማ ቀቀልክልን!»

ይርጋ ከረጢቱን አንስቶ ሄደ፤ ዙሪያውን ወንፊት እስኪመስል በሳስቶ፣ ካልሲውንም ለውጦ አመጣው። አሰረላት። ባቢሌ አንዴ ወደ ኋላዋ ለማየት ሞከረች፣ አንዴ አነጠሰች፣ ከዚያ ሮጠች! በሁለት የፊት እግሯ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ጎማው ሽው እያለ፣ ከሳፋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ጋሽ ጥላዬ ጫማ! ኪሩ አጨበጨበ። ይርጋ «ያዟት! ያለ መንጃ ፈቃድ ነው!» እያለ ተከተላት። ጋሽ ጥላዬ አዲሱን ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ጥላዬን የሚወስደው ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ጋሽ ጥላዬ ፋሻውን ራሳቸው ፈቱት። አረንጓዴው የለም፣ ነጩም የለም። ሮዝ ቆዳ፣ ላዩ ላይ ብቅ ብቅ ያለ ጸጉር። አዴ ዘይቱና እልል አሉ፤ እኔም ድምፅ እንዳለኝ የዚያን ቀን አወቅሁ።

«እህ፣ ለማን ልተዋት?» አሉ ጋሽ ጥላዬ።

«ለእኔ!» አልን፣ ሦስታችንም ባንድ አፍ።

«ያጠብኩ እኔ፣ የጠመጠምኩ እኔ» አሉ አዴ ዘይቱና። «ያቃጠልኳትም እኔ ነኝ፤ ይኸው ክንዴ ላይ አለ። ዕዳው የእኔ ከሆነ ልጅቷም የእኔ ናት።»

«የጠበሰ ይወስዳል ማለት ነው?» አለ ይርጋ። «አዴ፣ ጎማው ባይኖር እስከ ዛሬም ያጥቡ ነበር። ያስሮጥኳት እኔ ነኝ።»

«በመርፌ ትረፍ ያለውስ ማነው? ብንሰማህ ኖሮ ማንን ታስሮጥ ነበር?»

«ስቃይዋን ማየት ስላቃተኝ ነው ያልኩት። እሺ፣ ይቺስ?» በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «አራት ቀን እያየች ዝም!»

ሁለቱም አዩኝ። የሚለው እውነት ነው።

«ትሪው ነው ያልኩትም እኔ ነኝ» አልኩ። «ያን ባልናገር ማሩም ጎማውም አያድናትም ነበር። እኔም እፈልጋታለሁ።»

ጋሽ ጥላዬ ሦስታችንንም በየተራ አዩን።

«በሦስት እናሳድጋት እንዳትሉኝ» አሉ። «የሁላችሁም ናት ብዬ ሄጄ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው። አንድ ሰው ‹የእኔ ናት› ይበል፣ ሌላው ሊያያት ሲፈልግ እሱን ይለምን። አውቶቡሱ አዋሽ ለምሳ ሲቆም እደውላለሁ፤ እስከዚያ ተስማሙ።» ባቢሌን ግንባሯ ላይ ስመው፣ ሣጥኗ ውስጥ አስገብተው፣ ዞር ሳይሉ ወጡ።

ባጃጁ ሄደ። ይርጋ ሱቁን አልከፈተም፤ አዴ ዘይቱና ምሳ አልሠሩም። ሣጥኑን ከበን እስከ ቀትር ተከራከርን። አንዳችን ያልነውን ሌላው ያፈርሰዋል፤ ያፈረሰውም ተራው ሲደርስ የራሱ ሙግት ይወድቅበታል።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አንደኛዋ በፍቅር አቆሰለች፣ በፍቅርም አዳነች። ሁለተኛዋ እያወቀች ዝም አለች፤ ግን ስትናገር ሞት ቆመ። ሦስተኛው ትሙት አለ፤ ግን ያስሮጣት እሱ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ባቢሌ ዛሬ የለችም። ለማን ልትሆን ይገባል?

ስልኬ ጠራ። ጋሽ ጥላዬ ናቸው። አነሳሁት፤ ጆሮዬ ላይ ግን አላደረግኩትም፤ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቼ ከሣጥኑ ክዳን ላይ፣ ሦስታችን መሐል አስቀመጥኩት።

«ሃሎ! ሃሎ! እህሳ፣ ለማን ሆነች?»