ጉንጩ ያበጠው ምሁር

አንድ ምሁር ነበረ። ሥራው የማይድኑ ሕመምተኞችን ሥቃይ ማጥናት ነበር። አንተ ጀማሪ ሐኪም፣ «ላይድን ለሚሞት ሰው ጥናት ምን ይረባዋል?» ብለህ ጠይቀኸኛልና የእርሱን ነገር ልንገርህ።

ይህ ሰው ሃያ ዓመት ስለ ተማረ እጅግ ጠንቃቃ ነበር። ሰባ ሁለት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጅቶ በአንድ ወረዳ አልጋ ላይ የዋሉትን ሁሉ ቤት ለቤት ዞረ። «እንዴት ነዎት? ሕመምዎ ከዜሮ እስከ ዐሥር ቢለካ ስንት ነው?» ይላል። ሕመምተኛውም እንደ ወጉ ከትራሱ ቀና ለማለት እየታገለ፣ «ደኅና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል። ምሁሩ «ዜሮ» ብሎ ይጽፋል። የታላላቆችን ቃል መጠራጠር ነውር ነውና። አንዲት ሴት ከንፈሯን ነክሳ «ክብሩ ይስፋ» ባለችው ጊዜ ጥቂት አመነታ፤ ኋላ ግን ለእርሷም ዜሮ ጻፈላት።

በወረዳው ሥቃይ የሚባል ነገር እንደሌለ በዚህ ተረጋገጠ። ጽሑፉ ታተመ፤ ሰውየውም ፕሮፌሰር ተባለ። ጤና ቢሮው ምሁር አክባሪ ስለ ነበር፣ ለወረዳው የተመደበውን ሥቃይ ማስታገሻ፣ የሞርፊን ሽሮፕ፣ ሥቃይ አለ ወደተባለበት ወረዳ አዞረው።

ሽሮፑ በተወሰደበት ወረዳ አንዲት ሸክላ ሠሪ አሮጊት ነበረች። በሽታው አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ልዳን አላለችም። የፈለገችው በመጪው እሑድ የልጅ ልጇ ስትዳር ተቀምጣ ማጨብጨብ ብቻ ነበር፤ ሥቃዩ ግን ቀና እንኳ አያደርጋትም። ልጆቿ ጤና ጣቢያ ሄደው፣ «ሽሮፑ ቀርቷል፤ እዚህ ሥቃይ የለም» ተብለው ተመለሱ።

በዚያው ሳምንት ምሁሩ፣ ዜሮዎቹ ዛሬም ዜሮ መሆናቸውን ሊያጣራ ተመልሶ መጣ። መንጋጋው ክፉኛ ይጠዘጥዘው ነበር፤ አንድ ጉንጩ ተነፍቷል። የአሮጊቷ በራፍ ላይ ቆሞ ጀመረ።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደኅና ነኝ፣ ተመስገን። አንተስ ልጄ?»

«ደኅና ነኝ፣ ተመስገን።»

አሮጊቷ ጉንጩን ትክ ብላ አየችው። «ዕድሜዬን ሙሉ ገንቦ ስሠራ እንዲህ ያለ ሆድ አላወጣሁለትም። ደኅናው በየት በኩል ነው?»

«ጥርሴ ነው» አለ ምሁሩ።

«እስቲ በዚያ በቁጥርህ፣ ስንት ይሆናል?»

«ዘጠኝ።»

«ታዲያ ደኅና ነኝ ያልኸኝ ምነው?»

«ሰው እንዴት ነህ ሲል ሌላ ምን ይባላል፣ እማማ?»

ይህን ብሎ በመጠይቁ ላይ የጻፋቸውን ዜሮዎች ተመለከተ። አሮጊቷ ሳቀች። ሳቁ ጎኗን ወጋት፤ እየተወጋችም ሳቀች። ምሁሩ መጠይቁን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ዱካ ስቦ ከመደቧ አጠገብ ተቀመጠና ጉንጩን ይዞ፣ «የእኔስ ይኸው ነው፤ የእርስዎስ?» አላት። ነገረችው። ዐሥር ነበር።

በማግስቱ ጤና ቢሮ ሄዶ «ጥናቴ ስሕተት ነው» አለ። እንዲህ ብሎ የመጣ ፕሮፌሰር ከዚያ በፊት ስላልታየ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል እስኪገኝ ሁለት ቀን ፈጀ። ዓርብ ሽሮፑ ደረሰ። እሑድ አሮጊቷ ትራስ ተደግፋ አጨበጨበች፤ እልል አለች፤ በሙሽራው አፍንጫም ቀለደች። ምሁሩ ጥርሱን ተነቅሎ ነበርና ቁርጡ ሲዞር እያየ ጎመን በላ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

አሮጊቷ በሦስተኛው ሳምንት ዐረፈች፤ ሳትጮኽ። ምሁሩም በመጠይቁ ራስጌ አንድ መስመር ጨመረ፦ «ጠያቂው አስቀድሞ ይቀመጥ፤ የራሱንም ሕመም ይናገር።» ከዚያ በኋላ በሠላሳ ዓመት ሥራው ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልጻፈም።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ጥናት ሲስት አሮጊቷን እሑዷን ሊነጥቃት ነበር፤ ሲቃና መለሰላት። ለማይድን ሰው የሚረባው ይህ ነው። ምሁሩን የምትመስለው ደግሞ አንተ ነህ። ትናንት ሕመምተኛህ ዐርፋብሃለች፤ ዐይንህ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ስትገባ እንዴት ነህ ብልህ ግን «ደኅና፣ ተመስገን» አልኸኝ። በል ያንን ዱካ ሳብ። እኔ ልጀምርልህ፤ ጉልበቴ ሰባት ነው። የአንተስ?