እንቅልፍ ያጣው በሬ

ፊታውራሪ ወንድይራድ የአንድ ድሃ በሬ ዐይናቸው ገባና «ለእርሻዬ ይሆናል» ብለው አስነዱት። በሬው ግን ከግቢያቸው ታስሮ ሌት ተቀን ይጮህ ጀመር። ጠጁ ቢጠጣ፣ በገናው ቢደረደር፣ ዳዊቱ ቢደገም፣ የፊታውራሪ ዐይን አልከደን አለ።

ባለ በሬው «ፍርድ ይሰጠኝ» ብሎ ደጅ ሊጠና መጣ። ጠዋት አጥሩን ተደግፎ ቆመ፤ ረፋድ ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ፤ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል አንኮራፋ። ድምፁ አዳራሹ ድረስ ዘለቀ። አሽከሮቹ ቀስቅሰው አቀረቡት።

«በሬዬን በግፍ ተነጠቅሁ ባይ አንተ ነህ?» አሉት ፊታውራሪ፣ ዐይናቸው ደም መስሎ። «የተበደለ ሰው እንዲህ እንቅልፍ ይወስደዋል? በደል የለብህም፤ በሬው የእኔ ነው፤ ሂድ።»

ሰውየው ከጋቢው ላይ ገለባውን አራግፎ እጅ ነሣ።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፤ እኔ ለእንቅልፍ የተፈጠርኩ ከንቱ ነኝ። በሬው ሲነዳም አጠገቡ ተኝቼ ነበር። የተበደለውስ እሱ ነው፤ ይኸው እንቅልፍ አጥቶ ይጮሃል። ቤታችን አንድ ናት፤ እሱ ከጋጡ፣ እኔ ከመደቡ ነው የምናድረው። ከጥጃነቱ ጀምሮ ማንኮራፋቴን እየሰማ ስላደገ፣ ካልሰማኝ አይተኛም። ሚስቴ እንኳ አልለመደችውም፤ የለመደኝ እሱ ብቻ ነው። እንግዲህ ወይ በሬዬን ይፍቱልኝ፣ ወይ እሱም እርስዎም እንድትተኙ ለእኔ ከአልጋዎ ሥር ይነጠፍልኝ።»

ፊታውራሪ ቅድም አዳራሹ ድረስ ዘልቆ የሰሙት ማንኮራፋት ትዝ አላቸው።

«ፍቱለት» አሉ፤ «ቶሎ ፍቱለት፣ መልሶ ሳያንቀላፋ።»