መሬት በላ የተባለው እርከን

አንድ ጊዜ በአንድ ዳገት ላይ ጅብና አህያ ተጎራብተው ያርሱ ነበር፤ ጅቡ ከላይ፣ አህያዋ ከታች። አህያዋ ገና የምትጠባ ውርንጭላ አለቻት። ጎርፍ ዳገቱን እንዳይወስደው በጅቡ ማሳ ላይ የድንጋይ እርከን የሠራችው እሷ ናት። በጋውን ሙሉ ድንጋይ ስትሸከም ጀርባዋ ገጣባ ሆነ። ለዚህ ውለታ ሲል ጅቡ ላይበላት ምሎላታል።

እርከኑ ውስጥ አይጥ ይራባ ነበር። ቀበሮ አይጦቹን ጎመጀች፤ ድንጋዩ ግን ከበዳት። ጅቡ ዘንድ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ምነው ከሳህ?»

«ምን ላድርግ እመት ቀበሮ፣ ማሳዬ ጠበበኝ።»

«እንዴት አይጠብህ! ያ እርከን መሬትህን እየበላው!»

ጅቡ ብድግ አለ። «ይበላል? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተሠራ ጀምሮ ነዋ! ድንጋዩ ከተቀመጠበት ላይ አንድ ቡቃያ አይተህ ታውቃለህ?»

ጅቡ አሰበ፤ አላየም። እሱ እያለ ሌላ ሲበላ ደግሞ አይወድም።

«በእኔ ማሳ፣ ከእኔ በፊት!» ብሎ እርከኑን ይንደው ጀመር። ቀበሮ ከኋላው አይጧን ትለቅማለች።

አህያዋ ድምፁን ሰምታ እያነከሰች ወጣች።

«ኧረ አያ ጅቦ፣ ክረምት ገባ እኮ! ዳጉሳዬ ገና መብቀሉ ነው። እሱ ከሄደ ምን በልቼ ነው ልጄን የማጠባው?»

«መጀመሪያ እኔ ልጥገብ። ደግሞ አልበላሁሽ፣ ምን ጎደለብሽ?»

«የናድከውን መልሼ እሠራዋለሁ፤ የቀረውን ብቻ ተውልኝ» አለች። መቆም እንኳ አቅቷት ነበር። ጅቡ የቀረውንም ገፋው።

ዝናቡ ጣለ። ጎርፉ የሚይዘው ሲያጣ የጅቡን አፈር ከነዘሩ ጠርጎ የአህያዋ ዳጉሳ ላይ ወረደ፤ ዳጉሳውንም ነቅሎ ወንዝ ገባ። ሲያባራ ከላይ ጭንጫ፣ ከታች ቦረቦር ብቻ ቀረ። ቀበሮማ ጠግባ ከሄደች ቆይታለች።

ጅቡ ጭንጫው ላይ ቆሞ ተጣራ። «አንቺ! ነይ እንጂ፣ ድንጋይ አምጪ!»

አህያዋ ቀና አላለችም።

«ድንጋዩስ ይመጣል፤ አፈሩን ከየት ልሸከምልህ?»

ውርንጭላዋ የእናቷን ጡት ሳበች፣ ሳበች፤ ጠብ የሚል የለም።

«እማዬ፣ በሌላኛው ልሞክር?»

እናትየው ዞረችላት።

ከዚህ የምንማረው፣ ከላይ ያለ ጎረቤት እርከኑን ሲንድ ከታች ያለ ልጅ ጦሙን እንደሚያድር ነው።