የተሰበረው ማስመሪያና አንዲቷ ነጠላ

ትርንጎ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለእህቷ አልነገረችም፣ ለንስሐ አባቷም አልነገረችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፏ ላይ በደረሰ ቁጥር ፊቷ በርበሬ እየመሰለ መልሳ ስትውጠው ኖራለች። ዛሬ ግን ይነገር፤ ፍርዱን ለእናንተ ትታለች።

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት ትንሽ የደጋ ከተማ፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ቁጥር ሊያስተምሩ ተነሡ። ልጅቷ ረድኤት ትባላለች። እናቷ ፀዳለ ነርስ ስለሆነች ሩቅ ወረዳ ተመድባ፣ ልጇን ለታላቅ እህቷ ለትርንጎ፣ ለታላቅ ወንድማቸው ለአናጺው ለጋሽ አያሌውና ለአክስታቸው ለእማማ ደብሪቱ ትታ ሄዳ ነበር። አንድ ቀን የረድኤት መምህርት ትርንጎን አስጠርታ፣ «ይቺ ልጅ መቁጠርም መለካትም አልያዘላትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈተና አለባት፤ ካልቻለች አንደኛ ክፍል አትገባም፣ ዓመቱን ትደግማለች» አለቻት። ፀዳለ ወሬውን በስልክ ስትሰማ አለቀሰች። በሳምንቱም አዲስ የእንጨት ማስመሪያ ለልጇ በሰው ላከች።

ጋሽ አያሌው፣ «ለእኔ ተዉት» አለና ልጅቷን ወደ ሥራ ቦታው ወሰዳት። ጣውላ አስለካት፣ በር አስለካት፣ የውሻውን ጅራት ሳይቀር አስለካት። ችግሩ ሜትሩ ነበር። ጫፉ ከተቆረጠ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ስለዚህ ጋሽ አያሌው ሁልጊዜ ከአሥር ጀምሮ ይለካና በመጨረሻ አሥሩን በልቡ ይቀንሳል። ረድኤት ከአሥር መጀመሩን ወዲያው ያዘች። መቀነሱን ግን፣ በልቡ ነውና፣ አላየችውም።

«ጋሼ፣ በእመቤቴ፣ ሌላ ሜትር ግዛ» አለችው ትርንጎ።

«በዚህች ሜትር ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ የተጣመመ በር አሳዪኝ!»

እማማ ደብሪቱም፣ «ይልቅ ለእኔ ተዉት» አሉ። በሶ እያዘጋጁ ለጎረቤት ይሸጡ ነበርና ልጅቷን ከዱቄቱ አጠገብ አስቀምጠው ስኒ አስያዟት። ረድኤት ሰፈረች፣ ቆጠረች። እማማ ደብሪቱ እጃቸው ሰፊ ነው፤ አምስት ስኒ ለጠየቀ ሁሉ አንድ ያስጨምራሉ።

«ስድስት!» አለች ረድኤት።

«አምስት ነው የኔ እመቤት። የመጨረሻዋ ምርቃት ናት። ምርቃት አይቆጠርም።»

ትርንጎ ከጓዳ ሆና ጥርሷን ነከሰች። «እማማ፣ ልጅቷ እኮ ትምህርት ቤት ሄዳ ስድስቱን አምስት ልትል ነው!»

«ታዲያ ምርቃት እየቆጠረች ትደግ? ስስታም ልታደርጊያት ነው?»

ትርንጎ የመምህራን ኮሌጅ ጨርሳ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። ሰው ፊት ቃል አይወጣትም፤ ከልጅ ጋር ግን ትዕግሥት ያላት ይመስላት ነበር። ማታ ማታ ካርቶን እየቆረጠች ቁጥር ጻፈች፣ ባቄላ ደረደረች፣ ከዜሮ መጀመርን በቀይ ቀስት አሳየች። ጠዋት የተከለችውን ግን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ይነቅሉታል።

ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ረድኤትን ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠቻት።

«እርሳሱን ለኪ።»

ረድኤት ማስመሪያውን አስጠጋች። «ሃያ ሁለት።»

«ለምን ከአሥር ጀመርሽ?»

«ጋሼ ከአሥር ነው የሚጀምረው።»

«እሺ። ባቄላውን ቁጠሪ።»

«አምስት።»

«ይቺስ?»

«እሷማ ምርቃት ናት።»

ያ ሁሉ ካርቶን! ትርንጎ ማስመሪያውን ከልጅቷ እጅ ነጠቀችና በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቀጭ አደረገችው።

ሁለቱም ደነገጡ። አንዱ ስባሪ ከዜሮ እስከ አሥራ ሦስት ነው፤ ሌላው ከአሥራ ሦስት እስከ ሠላሳ። ረድኤት ሁለተኛውን ቀስ ብላ አነሣች። እርሳሱን ከአሥራ አምስት ላይ አስጀምራ፣ ክፍተቶቹን በጣቷ እየነካች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች እስከ አሥራ ሁለት ቆጠረች። ከዚያ በሌላው ስባሪ ከዜሮ ጀምራ ለካች። አሁንም አሥራ ሁለት።

«እትዬ! ተሰብሮም ያው ነው! ከየትም ብጀምር ያው ነው!» ትንሽ አሰበችና ስድስተኛዋን ባቄላ ወደ ሌሎቹ ገፋቻት። «የመጨረሻዋም ትቆጠራለች። የመጨረሻዋ ክፍተት ካልተቆጠረች እርሳሱም ያጥራል።»

በዚህ መሃል ጋሽ አያሌው ገባ። ስባሪዎቹን አየ። «ይሄ እናትሽ የላከችልሽ አይደለም? አንቺ እጀ ሰባራ! ሁለተኛ ሥራ ቦታዬ ዝር እንዳትይ!»

ረድኤት ቀና ብላ ትርንጎን አየቻት። ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች፤ ቃል አልወጣትም። ልጅቷ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ በመጨረሻም «ይቅርታ ጋሼ» አለች።

የፈተናው ቀን የክፍሉ ማስመሪያ ጫፉ በልጆች ጥርስ ተበልቶ አልቆ ነበር። «ዜሮ የለውም!» እያሉ ልጆቹ ተነጫነጩ። ረድኤት ከአሥር ጀምራ ክፍተቶቹን ቆጠረችና ትክክለኛውን ተናገረች። እንድትቆጥር የተሰጣትን ጠጠርም አንድ ሳታስቀር ቆጠረች። መምህርቷ፣ «ማን አስተማረሽ?» ብትላት፣ «ቤት» ብላ ብቻ መለሰች። አንደኛ ክፍል ገባች።

ፀዳለ በደስታ አንዲት ጥለቷ አረንጓዴ የሆነች ነጠላ አሠርታ ላከች። «ልጄን ላስተማረልኝ ሰው» የሚል ወረቀት አለባት። ስም የለባትም።

«ከአሥር ባትጀምር የት ታልፍ ነበር?» አለ ጋሽ አያሌው። «ለሚስቴ ነች።»

«ቀንና ሌት ያስቆጠርኳት እኔ!» አሉ እማማ ደብሪቱ። «አንተ እንኳን ልታስተምር ከደጅህ አባረሃት!»

ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ቆይተው፣ «እስቲ ልጅቷ ትናገር» ተባባሉ። ረድኤት ነጠላዋን አነሣችና፣ ወንበር ላይ ቆማ፣ ትርንጎ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። ጆሮዋም ሥር፣ «አልተናገርኩም እኮ» አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ትርንጎ ከሁሉም ቀድማ ተነሣች። ሁለቱን ስባሪዎች በአዲሷ ነጠላ ጠቀለለች፣ ከሳጥኗ ሥር አስገብታ ቆለፈች፣ አሮጌ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ነጠላዋ ዛሬም ሳጥኑ ውስጥ ናት። እንግዲህ ፍረዱ፦ ከአሥር መጀመርን ላሳየው ለአናጺው ትሁን? እስኪሰለቻት ላስቆጠሯት ለአሮጊቷ? ተናዳ በሰበረችው ማስመሪያ ልጅቷን ላነቃችው ለትርንጎ? ወይስ የሌላ ሰው ጥፋት ተሸክማ ዝም ላለችው ለረድኤት? ለማን ትገባለች?