አርባኛው ቀሚስ

አንድ ሰው ነበረ፤ ልብስ ነጋዴ። ጥያቄሽን አልዘለልኩትም፣ አትቸኩዪ። «እኔ የተሰፋ ገዝቼ እሸጣለሁ እንጂ አልሰፋም። ሰፊዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ እኔ ምን አገባኝ?» ብለሽኛል። ልመልስልሽ ነው። ቦርሳሽን አስቀምጪና ስሚኝ።

ይህ ሰው በዋናው መንገድ ላይ ባለ መስታወት ሱቅ ነበረው። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። ነዳይ አይመልስም፣ ደንበኛ ሲቆጣው ይስቃል፣ የጎረቤት ለቅሶ አያመልጠውም። አንድ ነገር ብቻ አይወድም ነበር፤ መጠየቅ።

አንድ ዓመት እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አሰፊውን አስጠራ። አሰፊው ከከተማው ዳር፣ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ሴቶች ቀጥሮ በስፌት መኪና የሚያሰፋ ሰው ነው። «አርባ የሴት ልጅ ቀሚስ እፈልጋለሁ። ቢጫ፣ አደይ አበባ የመሰለ። በሳምንት ታደርስልኛለህ» አለው።

«ጌታዬ፣ ሳምንት አትበቃኝም።»

«እሱን አንተ ታውቃለህ» አለውና ወደ ደንበኛው ዞረ።

ጣጣውን ሁሉ ያመጣችው ይቺ «አንተ ታውቃለህ» ናት። አሰፊው ሴቶቹን ሰበሰበና «መርፌ ሰብራ ሥራ ያስቆመች ነገ እንዳትመጣ» አለ። ነጋዴው ይህን አልሰማም፤ ሊሰማም አልፈለገም። ቀሚሶቹ በቀናቸው ደረሱለት። አራት ቀን ሳይሞላ አርባዎቹም ተሸጡ፤ እሱም ተመስገን ብሎ ቤቱ ገባ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው አንዲት ሴት መጥታ ከሱቁ በር ላይ ቆመች። ቀሚሷ ላይ ክር ተለጣጥፏል። ምጽዋት ፈላጊ መስላው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«ለልመና አልመጣሁም ጌታዬ። ቢጫዎቹን ቀሚሶች ከሰፋነው አንዷ ነኝ። አንገትጌ ስሰፋ መርፌ ተሰበረብኝ። ጫፉን ፈልጌ አጣሁት።»

«የትኛው ቀሚስ ላይ?»

«እሱን ባውቅማ ምን ያስጨንቀኝ ነበር። የሕፃን አንገት ነው ጌታዬ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን?» አለችው። «የሰበረች አትምጣ ተብለናል። ልጆች አሉኝ፤ ዝም አልኩ። አሁን ግን እህል አልወርድልኝ አለ።»

ሰውየው ግራ ቀኝ አየ። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች አሉ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በይ ሂጂ፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። አየሽ? አሰፊው በቁጣ ያስዘጋውን አፍ እሱ በሹክሹክታ መልሶ ዘጋው።

ከዚያ ራሱን ሲያጽናና ዋለ። የገብስ ፍሬ የምታክል ስባሪ ናት፣ ወለል ላይ ወድቃ ይሆናል አለ። ደግሞስ በበዓል ሰሞን «በሸጥኩት ልብስ ውስጥ መርፌ አለ» ብሎ ከሚያውጅ ነጋዴ ከርሞ ማን ይገዛል? እንዲህ ይላል፣ ልቡ ግን አልሰማ አለው። መንገድ ላይ ቢጫ ነገር ባየ ቁጥር ወደ ሌላ መንገድ ይታጠፋል። ጎረቤት ሕፃን ስታለቅስ ጉርሻው እጁ ላይ ይቀራል። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ድካም ነው» ይላታል። ፈርቶ ነበር፣ በጣም ፈርቶ ነበር።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ልጃገረዶች አደይ አበባቸውን ይዘው እየዘፈኑ ደጁ መጡ። ዘጠኝ ናቸው፤ አራቱ የእሱን ቢጫ ቀሚስ ለብሰዋል። ሚስቱ ደስ ብሏት ዳቦ ልትቆርስላቸው ገባች። እሱ ደረጃው ላይ ቆሞ አንገት አንገታቸውን ያያል። ትንሿ፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ እያጨበጨበች ሳለ እጇን ወደ አንገቷ ሰዳ አከክ አከክ አደረገች።

ሰውየው ሮጦ ወርዶ በበዓል ልብሱ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። አንገትጌዋን በጣቱ ስፌት በስፌት ዳሰሰ። ምንም የለም፤ አዲስ ጨርቅ ሆኖባት ነው። የሦስቱንም ዳሰሰ። ዘፈኑ ቆመ፣ ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ፣ እናቶቻቸው ደነገጡና መጡ። እሱም እንደተንበረከከ ሁሉን ነገራቸው።

ከዚያ ወዲያ ቤት ለቤት ዞረ። አንዷ እናት ቀሚሱን ፊቱ ላይ ወረወረችበት። አንድ አባት ደረቱን ጨምድዶ ይዞ «ሦስት ቀን ሙሉ እያወቅህ ዝም አልክ?» አለው። ወሬውም እግር አውጥቶ ሮጠ፤ የቀሩት ገዢዎች ቀሚሱን ራሳቸው ይዘው መጡለት። በሦስት ቀን ሠላሳ ዘጠኝ ቀሚስ ተሰበሰበ። አንገትጌያቸውን እየተረተረ ፈለገ፤ በአንዱም የለችም። አርባኛውን የገዛች አንዲት አሮጊት ነበረች። «አገር ቤት ላለችው ለልጅ ልጄ ነው» ብላ ጠቅልላ ወስዳዋለች። የት አገር? አልጠየቃትም።

ምናልባት ወለሉ ላይ ብትገኝ ብሎ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቆርቆሮዋ ቤት ሄደ። ስምንት ሴቶች በአንዲት መስኮት ብርሃን ተደፍተው ይሰፋሉ። ማግኔት ይዞ አብሯቸው ወለሉን ዳሰሰ፤ አቧራና ክር ብቻ። በመጨረሻ ቀና ብሎ «ከእንግዲህ በመርፌ ምክንያት ማንም ከሥራ አትወጣም። ቃሌ ነው። የሰበራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ» አለ።

ሴቶቹ አሰፊውን አዩ፣ እሱን አዩ። ከዚያ አንዷ፣ ጠና ያለችው፣ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታችና ሁለት ስባሪ መርፌ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሌላዋም ፈታች። ሌላዋም። ሳንቲም በሚቋጠርበት ነጠላ ሁሉም ፍርሃቷን ቋጥራ ኖራለች። ሃያ ሦስት ስባሪ ተደረደረ። የሰባቱ ጫፍ ግን አብሮ የለም።

ሰባት። ሰውየው የተጨነቀው ለአንድ ነበር። የቀሩት ስድስቱ ባለፈው ወር በሸጠው የአራስ ልብስ ይሁን፣ ካቻምና በሸጠው ሸሚዝ፣ ማን ያውቃል። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ያችን በሩ ላይ የመጣችውን ሴት ስሟን የጠየቃት ያኔ ነው። ደብሪቱ አለችው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት መርፌ የሰበረች ጮክ ብላ ትናገራለች፣ ሥራ ይቆማል፣ ጫፉ ሳይገኝ ልብሱ ከቤት አይወጣም። ነጋዴውም ሲያዝዝ «ስንት ቀን ይበቃችኋል?» ይላል።

እንግዲህ ልጄ፣ ነጋዴው አንቺ ነሽ። «ምን አገባኝ» የምትይው ነገር ጫፉ እንደጠፋው መርፌ ነው፤ ከሱቅሽ በሚወጣው ልብስ ውስጥ ተሰፍቶ ይሄዳል፣ የማን አንገት ላይ እንደሚያርፍ አታውቂም። እጄን ታጥቤያለሁ እንዳትዪኝ፤ ጲላጦስም ታጥቦ ነበር።

ምን አልሽ? የአርባኛዋ ልጅ ምን ሆነች? እሱን አላውቅም። ሰውየውም አያውቅም። እስከ ዛሬ መናኸሪያ እየሄደ ከአውቶቡስ የሚወርዱ አሮጊቶችን ፊት ያያል አሉ። ግን አየሽ፣ ጠየቅሽ። ስሟን የማታውቂያት፣ አይተሻት የማታውቂ ልጅ አስጨነቀችሽ። ደግ አደረገች። ታዲያ የአንቺን ልብስ የሚሰፉት ሴቶች ስማቸው ማን ነው? የሰበሩትንስ የት ነው የሚደብቁት?

በይ ቦርሳሽን አንሺ። ገና አልመሸም፣ ሄደሽ ጠይቂያቸው።