ሦስት ሳምንት የዘገየ ማስጠንቀቂያ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ባልሆነ ክረምት፣ በአንድ የደጋ አገር የስንዴ ምርምር ጣቢያ ሦስት ሰዎች አብረው ይሠሩ ነበር፤ ኃላፊው አሰግድ፣ ተመራማሪዋ ትርሲት፣ ገበሬውን የሚያማክረው ገለታ። ገለታ የታመመ የስንዴ ቅጠል ፎቶ ያነሳል፤ ፎቶው በኢንተርኔት ላይ ወዳለ በሽታ ለዪ አገልግሎት ይላካል፤ መልሱ ለገበሬው ይነገራል። አገልግሎቱን የመረጠው አሰግድ ነው። ሦስት ዓመት አላሳፈረውም።

ትርሲት በየወሩ፣ በሽታቸውን አስቀድማ የምታውቃቸውን አርባ ፎቶዎች እየላከች አገልግሎቱን ትፈትነው ነበር። ነሐሴ ላይ አሥራ አንዱን ሳተ። ባለቤቶቹ ለማንም ሳይናገሩ አሠራሩን እንደቀየሩት የታወቀው በኋላ ነው። ገና የጀመረውን ቢጫ ዋግ፣ ቅጠሉን እንደ ዝገት የሚያለብሰውን በሽታ፣ «የማዳበሪያ እጥረት» ይለው ጀመር።

«አርባ ፎቶ ምን አላት? በአራት መቶ ፈትነሽ ነይ» አላት አሰግድ።

«ዋጉ እስከዚያ ይጠብቀናል?»

«በከንቱ መድኃኒት ብናስገዛቸው ዳግመኛ ማን ያምነናል?»

ልክ ነው ብላ ወጣች። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ለአንድም ገበሬ አልተነፈሰችም።

ለገለታ ግን «አደራ» ብላ ነግራው ነበር። በማግስቱ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ወደ ተወለደበት ቀበሌ ሄደና ዘመዶቹን መድኃኒት አስረጫቸው። ስንዴያቸው ተረፈ። ለወንዝ ማዶ ሰዎች አልነገረም። «ብሳሳት የሚምሩኝ ዘመዶቼ ብቻ ናቸው» አለ በኋላ።

ማዶ ያሉት እንደተነገራቸው ማዳበሪያ ጨመሩ። የትርሲት ፈተና ሲያልቅ ማሳቸው አልቆለት ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው አዴ በዳዱ በዋጉ ቢጫ የሆነ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣

«ልጄ፣ ያወቅሽው መቼ ነው?» አሏት።

ትርሲት ቀኑን ነገረቻቸው። አዴ በዳዱ በጣታቸው ቆጠሩና ፊታቸውን ወደ ማሳው መለሱ። ቢሰድቧት በወደደች።

አሰግድ የአገልግሎቱን ስህተትና «ጠብቂ» ብሎ ማዘዙን ሳይሸሽግ በስሙ ጽፎ አወጣ። ያንን ያነበቡ ሌሎች ጣቢያዎች አገልግሎቱን ትተው የገበሬዎቻቸውን ማሳ አተረፉ።

የማዶ ገበሬዎች ተሰብስበው «ከሦስቱ አንዱ ካልተባረረ ከጣቢያው ጋር አንሠራም» አሉ። ትርሲት ከኋላ ወንበር አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። እሷ ባትፈትን ስህተቱን ማንም አያውቅም ነበር፤ ገለታ አደራ ባይበላ አንድም ማሳ አይተርፍም ነበር፤ አሰግድ ስህተቱን ባያምን ጥፋቱ በሌላም አገር ይደገም ነበር።

እናንተ ከዚያ ስብሰባ ብትቀመጡ፣ መባረር የሚገባው ማን ነው ትላላችሁ?