ከቤት ኪራይ ጋር ያገኘሁት አጎት

መጨረሻ ላይ የምነግራችሁ አባባል ከየት እንደመጣ አዋቂዎች የፈለጉትን ይበሉ። ደሴ፣ እኛ ሰፈር መጥታችሁ ብትጠይቁ ግን ሕፃን ልጅ እንኳ ጣቱን ወደ እኔ ነው የሚቀስረው።

ቤቱን የተከራየሁት ከነኮተቱ ነው። አከራዬ እትዬ የሺመቤት ባላቸው ሻምበል አደፍርስ ከሞቱ ወዲህ ከዚያ ቤት አንድ ዕቃ ንቅንቅ እንዳይል ብለዋል። እግሩ የተወላገደ ቡፌ፣ አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባ፣ ሚዳቋ ያለበት የግድግዳ ስጋጃ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሪዛቸውን አሹለው የሚያፈጡብኝ የሻምበል ፎቶ። አበባውን አልጋ ሥር ወሸቅኩት፤ ስጋጃውን በመጋረጃ ሸፈንኩት። ሻምበልን ግን ማን ደፍሮ ይነካል?

በኋላ ትርንጎን ለማግባት ሽማግሌ ላክሁ። ቤተሰቧም ልጃችን የምትኖርበትን ቤት እንየው ብለው አጎቷን ጋሽ ጓንጉልን ላኩብኝ። ገብተው ቁጭ እንዳሉ ዓይናቸው ቡፌው ላይ ሲያርፍ ሐፍረት ወረረኝ። የአከራዬ ነው ብል ምን ነበረበት? ምላሴ ቀደመኝና የአያቶቼ ቅርስ ነው አልኩ። እሳቸውም ቅርስ የሚያከብር ልጅ ብለው አመሰገኑኝ። እኔ ደግሞ ሲያመሰግኑኝ ማቆሚያ የለኝም። ወደ ፎቶው ሲዞሩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ እጃቸው ላይ ነው ያደግኩት አልኳቸው።

ጋሽ ጓንጉል መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ።

"አደፍርስ አይደለም እንዴ?"

"አዎ፣ ሻምበል አደፍርስ።"

አቅፈው ሳሙኝ። ለካ የአክስታቸው ልጅ ኖረዋል፤ ለውትድርና ከወጡ ወዲህ ጠፍተውባቸው ነው። እህቶቹ ብዙ ናቸው፣ ካንዷ መወለድህ ነዋ እያሉ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

"የእሱ እናትና የኔ እናት እኮ እህትማማቾች ናቸው። አንተና ትርንጎ እንኳን ሰባት ቤት፣ አራትም አልሞላችሁ። ዘመድ አግኝተናል፤ ጋብቻው ግን ቀርቷል።"

ትርንጎን በገዛ አፌ እህቴ አደረግኋት። እግራቸው ላይ ወድቄ ዋሽቻለሁ፣ ቤቱም ቡፌውም የሰው ነው፣ እኔ ተከራይ ነኝ አልኩ። ማን ይመነኝ? ጭራሽ ፊታቸው ጠቆረ።

"ለሚስት ብለህ ያሳደገህን አጎትህን ትክዳለህ?"

ሌላ መላ ስላጣሁ በባዶ እግሬ ሮጬ እትዬ የሺመቤትን ከዋናው ቤት ጠራኋቸው። ነገሩን ሲሰሙ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ባሌ ከሞተ በኋላ የገባ ተከራይ ነው፣ በቁሙ አያውቀውም አሉ። ወዲያው መጋረጃውን አይተው ገፈፉትና ሚዳቋዋ ብቅ አለች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሽ ጓንጉል ተመልሰው ተቀመጡና ጎናቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። "የማንሰጠው ለአደፍርስ የእህት ልጅ ነበር። ለተከራይ እንሰጣለን" አሉ።

እትዬ የሺመቤት ግን አልሳቁም። የሻምበልን ፎቶ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። "ባሌን አጎት አድርገህ ሚስትህን ልታጣ ነበር። ስማኝ ልጄ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ።"